ጥርስ ለሚቀይር ቡችላ፦ የቀዘቀዘ ፎጣ ወይስ የላስቲክ ማኘኪያ?

ቡችላ ከ3 እስከ 4 ወሩ ገደማ 28ቱን የወተት ጥርሶቹን መጣል ይጀምራል፤ በ6 ወይም በ7 ወሩ 42ቱ ቋሚ ጥርሶች ቦታቸውን ይይዛሉ። እስከዚያ ድዱ እያሳከከው ያገኘውን ሁሉ ያኝካል።

ፎጣው ቀላል ነው፦ ንጹሕና ትንሽ ፎጣ በውሃ ነክረው ይጭመቁ፣ እንደ ገመድ ይጠምዝዙና ፍሪዘር ውስጥ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ያቆዩት። ቅዝቃዜው ያበጠውን ድድ ያደነዝዛል። ጣጣው የሚመጣው ሲቀልጥ ነው። የለሰለሰ ፎጣ ይተረተራል፤ የተዋጠ ክር ደግሞ አንጀት ሸብቦ ለቀዶ ጥገና ሊዳርግ ይችላል። ስለዚህ አጠገቡ ሆነው ይስጡት፣ እንደለሰለሰም ይውሰዱበት።

ላስቲኩ ያን ያህል አያደነዝዝም፤ ግን ይበረክታል። ለቡችላ የተሠራውን ይምረጡ። በጥፍር ሲጫኑት የማይሰረጉድ ከሆነ ጥርስ ሊሰብር ይችላል (አጥንትና ቀንድም በዚሁ ምክንያት አይመከሩም)። ሙሉ በሙሉ አፉ ውስጥ የሚገባም አይሁን፣ ያንቀዋል። መቆራረስ ከጀመረ ይጣል።

ድዱ ቀልቶ ሲነጫነጭ ፎጣው ይሻላል፤ ለዕለት ተዕለት ማኘክ ግን ላስቲኩን እንመርጣለን። ማኘኪያው ላይ ጥቂት ደም ቢታይ አያስደነግጥም። አዲሱ ክራንቻ ወጥቶ የወተቱ ከጎኑ ካልወደቀ ግን የእንስሳት ሐኪም ይየው።