በአንድ ጉሮሮ የተሞላ መድረክ፦ የቦቢ ማክፌሪን «ዘ ቮይስ»

አሜሪካዊው ድምፃዊ ቦቢ ማክፌሪን እ.ኤ.አ. በ1984 በጀርመን ባቀረባቸው የብቻ ኮንሰርቶች ላይ የተቀዳው «ዘ ቮይስ» ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ የሚሰማበት አልበም ነው። አጃቢ መሣሪያ የለውም፤ ድምፅን በድምፅ ላይ ደርቦ የመቅዳት የስቱዲዮ ዘዴም አልገባበትም። ብዙዎች ማክፌሪንን የሚያውቁት በ1988 በወጣው «ዶንት ዎሪ ቢ ሃፒ» ነው። ያ ዘፈን የራሱን ድምፅ በስቱዲዮ ደራርቦ የሠራው በመሆኑ፣ ከእርሱ ተነሥቶ ወደዚህ አልበም የሚመጣ አድማጭ ሌላ ሰው የሚሰማ ሊመስለው ይችላል።

አንድ ጉሮሮ በዚህ ዓይነት አዘፋፈን በአንድ ጊዜ የሚያወጣው አንድ ኖታ ብቻ ነው። ማክፌሪን ይህን ገደብ የሚያልፈው የቀረውን ለአድማጩ ጆሮ በመተው ሲሆን፣ የአልበሙ ትልቁ ብልሃትም ይኸው ይመስለኛል። በ«ብላክበርድ» (ጥቁር ወፍ) ላይ በግልጽ ይታያል። የቢትልስ የመጀመሪያ ቅጂ በጊታር የታጀበ ነው፤ ማክፌሪን ግን የጊታሩን ድርሻ ለራሱ ጉሮሮ ሰጥቶታል። አንድ ወፍራም ኖታ ጣል አድርጎ ወዲያው ይተወዋል፣ ዘልሎ የግጥሙን ቃል በቀጭን ድምፅ ይይዛል፣ ቃሉ ሳያልቅ እንደገና ወደ ታች ይወርዳል። ወፍራሙ ኖታ የተሰማው ለቅጽበት ቢሆንም ዜማው ላይ ላዩን ሲሄድ በጆሯችን ውስጥ ስለሚቀጥል፣ ሁለት ሰዎች እየተቀባበሉ የሚዘፍኑ ይመስላል። መካከል ላይ ደግሞ የወፏን ዝማሬና የክንፏን መርገብገብ በአፉ ያሰማል።

ሌሎች ድምፃውያን የሚደብቁት ትንፋሽ እዚህ የምቱ አካል ሆኗል። አየር ወደ ውስጥ ሲስብም ድምፅ ያወጣል፤ ደረቱን በእጁ ሲመታ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ምቱም በማይክሮፎኑ እንደ ከበሮ ይገባል። ይህ ሁሉ ዝላይ ኖታውን አለማሳቱ ግን የጥብቅ ሥልጠና ውጤት ነው። አባቱ ሮበርት ማክፌሪን በ1955 በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ በመዝፈን ከጥቁር አሜሪካውያን ወንዶች ቀዳሚ የሆኑ ባሪቶን (በወንዶች መካከለኛ የድምፅ ክልል የሚዘፍኑ ድምፃዊ) ነበሩ፤ ልጁ የመረጠው መንገድ ከኦፔራ ቢርቅም የቤቱ ጥንቃቄ አብሮት እንደመጣ እገምታለሁ። ለሳክስፎን እንኳ ፈታኝ በሆነው የጃዝ ዜማ «ዶና ሊ» ላይ የኖታዎቹ ጥራት አይደበዝዝም።

ሁሉም ክፍል ግን እኩል አይደለም። «አይ ፊል ጉድ» የዘፈኑን ባለቤት የጄምስ ብራውንን ጩኸትና የባንዱን ድምፅ እያስመሰለ ታዳሚውን ያስደስታል፤ በቤት ሲደጋገም ግን ቀልዱ ቶሎ ያልቅበታል፣ ምክንያቱም የምናደንቀው ዜማውን ሳይሆን ማስመሰሉን ነው። «አይም ማይ ኦውን ዎክማን» ከዚህ ይሻለኛል፤ እዚያ ማክፌሪን ማንንም መምሰል ስለማያስፈልገው የቤዙ (የወፍራሙ ድምፅ) ጉዞ ራሱ ሙዚቃውን ይሸከመዋል። ሌላው ቅሬታዬ ሥራዎቹ ከተለያዩ ኮንሰርቶች የተውጣጡ መሆናቸው ነው። በቅጽበት የሚፈጠር ሙዚቃ የሚወድ ሰው አንድ ሐሳብ ሲወለድ፣ ሲንገዳገድና መልክ ሲይዝ መስማት ይሻል፤ እዚህ ግን በአብዛኛው የሚቀርቡለት የተመረጡና የተመጠኑ ክፍሎች ናቸው።

ቅጂው ራሱ ቀረብ ያለ ነው። የከንፈርና የምላስ ድምፅ ሳይቀር ይሰማል፣ የታዳሚው ሳቅና ጭብጨባም አልተቆረጠም፤ ይህም ሁሉ በእርግጥ በአንድ አፍ መሠራቱን ያስታውሳል። ለዝማሬ፣ ለጃዝ ወይም ለድምፅ ሥልጠና ፍላጎት ላለው ሰው ያለማመንታት እመርጠዋለሁ። ግጥም ለሚፈልግ አድማጭ ግን ብዙ የሚሰጠው የለም። የሚሰማውም በጥሩ ማዳመጫ ቢሆን ይመረጣል፤ በትንሽ የስልክ ድምፅ ማጉያ ወፍራሞቹ ኖታዎች ስለሚጠፉ ሁለተኛው ዘፋኝ አብሮ ይጠፋል።