ድምፃቸውን ለማን እንደሚሰጡ ለሚከራከሩ የኮሌጅ ተማሪዎች፦ «አይሳይድዊዝ» እና «ቮት 411» ሲመዘኑ

በ2024ቱ የአሜሪካ ፕሬዝዳንታዊ ምርጫ ሰሞን በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሌጆች የሚማሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ሲከራከሩ ያዳመጠ ሰው፣ ከካማላ ሃሪስና ከዶናልድ ትራምፕ ስም ቀጥሎ የሁለት የኢንተርኔት አገልግሎቶች ስም ሲነሳ መስማቱ አይቀርም ነበር። አንደኛው «አይሳይድዊዝ» የተባለው የጥያቄና መልስ መመዘኛ ሲሆን፣ ሁለተኛው የሴት መራጮች ሊግ የሚያዘጋጀው የምርጫ መረጃ ድረ ገጽ «ቮት 411» ነው። ሁለቱም ከተጠቃሚው ክፍያ አይጠይቁም። ክርክሮቹን በቅርብ ስለተከታተልኩና ሁለቱንም አገልግሎቶች ስለተጠቀምኩባቸው፣ ለ2028 ምርጫ የሚደርሱ ተማሪዎችና ወላጆቻቸው ከየትኛው ምን ሊጠብቁ እንደሚገባ መጻፍ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል። በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ፍርዴን አስቀድሜ ለመናገር ያህል፣ «አይሳይድዊዝ» ክርክር ለመክፈት በእጅጉ ይጠቅማል፤ ክርክር ለመዝጋት ግን ሊያገለግል አይገባም። «ቮት 411» ደግሞ ለዓይን የማይስብና ቀዝቀዝ ያለ ቢሆንም፣ ድምፅ ሰጪን እንደ አዋቂ ሰው የሚያከብረው እርሱ ነው።

«አይሳይድዊዝ» በ2012 በሁለት ጓደኛሞች የተጀመረ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ተጠቃሚው ስለ ኢኮኖሚ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ፅንስ ማቋረጥ፣ ስለ ስደተኞች፣ ስለ ጦር መሣሪያ፣ ስለ ውጭ ጉዳይና ስለ ሌሎችም ርዕሶች የተዘጋጁ ጥያቄዎችን እየተከታተለ «አዎ» ወይም «አይደለም» ይላል፤ ሁለቱም ካልበቁት ከተዘረዘሩት ዝርዝር አቋሞች አንዱን ይመርጣል፤ በመጨረሻም ጉዳዩ ለእርሱ ምን ያህል እንደሚያሳስበው ያመለክታል። አገልግሎቱ መልሶቹን ከእጩዎቹ አቋም ጋር እያስተያየ፣ ከእያንዳንዱ እጩ ጋር በመቶ ምን ያህል እንደሚስማማ ይነግረዋል።

ትልቁ ጥንካሬው ተማሪው ተጠይቆ በማያውቀው ጉዳይ ላይ አቋም እንዲይዝ ማስገደዱ ነው። ቤተሰቡ ለዓመታት አንድ ፓርቲ ብቻ ሲመርጥ እያየ ያደገ ወጣት፣ ስለ ግብር ወይም ስለ ወታደራዊ ወጪ ያለው አስተያየት ወደ ሌላኛው ወገን እንደሚያደላ በዚህ መንገድ ሲረዳ አይቻለሁ። በተለይ ጉዳዮቹን እንደ ክብደታቸው እንዲያስቀምጥ መጠየቁ ጠቃሚ ነው፤ ምክንያቱም የተማሪዎች ክርክር ብዙ ጊዜ የሚከርረው በአቋም ልዩነት ሳይሆን በቅደም ተከተል ልዩነት ነው። ሁለት ጓደኛሞች በትምህርት ብድርም ሆነ በጋዛ ጦርነት ላይ አንድ ዓይነት ሐሳብ እያላቸው፣ አንደኛዋ ብድሩን አስቀድማ ለአንድ እጩ፣ ሌላኛዋ ጦርነቱን አስቀድማ ለሌላ ልትመርጥ ትችላለች። መመዘኛው ይህን ልዩነት ፊት ለፊት ያወጣዋል፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ቢሆን ግማሽ ሰዓት ሊሰጠው የሚገባ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ቁጥሩ ሲመጣ ነው። አንድ ተማሪ «ከእከሌ ጋር ሰማንያ በመቶ እስማማለሁ» ብሎ ከተናገረ በኋላ ክርክሩ ያበቃለታል፤ ቁጥሩ የሒሳብ ውጤት ስለሚመስል የሚጠይቀው ሰው አይገኝም። ይሁንና ቁጥሩ የሚለካው የአቋም መመሳሰልን እንጂ እጩው ያንን አቋም በተግባር ለማዋል ያለውን ሥልጣን አይደለም። የትምህርት ብድር ስረዛ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ፕሬዝዳንት ጆ ባይደን በ2022 ለአብዛኞቹ ተበዳሪዎች እስከ 10 ሺህ ዶላር፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ተማሪዎች የሚሰጠውን የፔል ድጎማ ለተቀበሉት ደግሞ እስከ 20 ሺህ ዶላር ለመሰረዝ አስታውቀው ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በሰኔ 2023 አስፈጻሚው አካል ይህን የማድረግ ሥልጣን በሕግ አልተሰጠውም ሲል ዕቅዱን ሻረው። ከዚህ ውሳኔ በኋላ ለተማሪው የሚጠቅመው ጥያቄ «እጩው ብድር መሰረዝን ይደግፋል ወይ?» የሚለው ብቻ አይደለም፤ «በየትኛው ሕግ፣ ከየትኛው ኮንግረስ ጋር ይፈጽመዋል?» የሚለውም ነው። ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ማንሳት የሚችለው ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚሞግት የክፍል ጓደኛ ነው።

ሁለተኛው ድካም ከአሜሪካ የምርጫ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው። የአቋም መመሳሰልን ብቻ የሚለካ መመዘኛ ከሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ውጭ ያሉ እጩዎችን፣ ለምሳሌ የአረንጓዴ ፓርቲዋን ጂል ስታይንን ወይም የሊበርታሪያኑን ቼዝ ኦሊቨርን፣ ከዝርዝሩ አናት ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል። ይህ በራሱ ነውር የለውም፤ እንዲያውም ተማሪው ከሁለት በላይ ስሞች መኖራቸውን እንዲያውቅ ማድረጉ የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን ፕሬዝዳንት የሚሆነው ከ538 የኤሌክቶራል ኮሌጅ (ግዛቶች የሚወከሉበት የመራጮች ጉባኤ) ድምፆች ቢያንስ 270 ያገኘ ሰው መሆኑን፣ እነዚህም ድምፆች በአብዛኞቹ ግዛቶች በሙሉ ለግዛቱ አሸናፊ እንደሚሰጡ ካልተገነዘበ፣ የመቶኛው ትርጉም ይጎድላል። ጆርጅ ቡሽና አል ጎር በተወዳደሩበት በ2000 የፍሎሪዳ ውጤት የተወሰነው በ537 ድምፅ ልዩነት ሲሆን፣ የአረንጓዴ ፓርቲው እጩ ራልፍ ኔደር በዚያው ግዛት ከ97 ሺህ በላይ ድምፅ አግኝቶ ነበር። በሕሊና መምረጥ ይበልጣል ወይስ የከፋውን ለመከላከል መምረጥ የሚለው የተማሪዎች ሙግት የሚነሳው ከዚህ ነው። እኔ በዚህ ሙግት ማንንም ወደ አንድ ወገን መግፋት አልፈልግም፤ የምጠይቀው ተማሪው ሁለቱንም መንገድ ዋጋውን አውቆ እንዲመርጥ ነው።

የእኛ ልጆች ክርክር ደግሞ ከክፍል ጓደኞቻቸው ክርክር የሚለይበት ነገር አለ። ግቢ ውስጥ ስለ ትምህርት ክፍያና ስለ ፅንስ ማቋረጥ ሲከራከሩ የዋሉ ወጣቶች፣ ማታ ቤታቸው ሲገቡ ስለ ሕዳሴው ግድብና የአፍሪካ ምርቶች ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ እንዲገቡ ስለሚፈቅደው ሕግ፣ ስለ አጎአ፣ ይሞግታሉ። ትራምፕ በጥቅምት 2020 ግብፅ ግድቡን ልታፈነዳው ትችላለች ብለው መናገራቸውን ያልረሳ አባት አለ፤ የባይደን አስተዳደር ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎአ ማስወጣቱን ያልረሳች እናትም አለች። በዚያው በ2022 ይኸው አስተዳደር በአሜሪካ ለነበሩ ኢትዮጵያውያን ጊዜያዊ የከለላ ፈቃድ መስጠቱን የሚያነሱም አሉ። ለመላው አሜሪካዊ መራጭ ታስቦ ከተሰናዳ የጥያቄ ዝርዝር እነዚህን ጉዳዮች መጠበቅ አይቻልም፤ አገልግሎቱም በዚህ ሊወቀስ አይገባውም። ነገር ግን አንድ ተማሪ ለውሳኔው የሚከብደው ጉዳይ በመመዘኛው ውስጥ ከሌለ፣ የሚያገኘው መቶኛ የእርሱ መቶኛ አለመሆኑን ሊያውቅ ይገባል። ከወላጆቹ ጋር በሚከራከርበት ጊዜም «ኢንተርኔቱ እንዲህ አለኝ» የሚለው መልስ ለእነርሱ አክብሮት የጎደለው ይመስለኛል፤ እነርሱ የሚያነሱት ታሪክ ያለውና በሰነድ የሚረጋገጥ ጉዳይ ነውና።

ወደ «ቮት 411» ስንመጣ ከበስተጀርባው ያለውን ተቋም ማወቅ ይጠቅማል። የሴት መራጮች ሊግ የተመሠረተው በ1920፣ የሴቶችን የመምረጥ መብት ያረጋገጠው 19ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከመጽደቁ ከስድስት ወራት በፊት ነው። በ1976፣ በ1980 እና በ1984 የፕሬዝዳንታዊ እጩዎችን የቴሌቪዥን ክርክር ያሰናዳው ይኸው ሊግ ነበር። በ1988 ግን የሁለቱ እጩዎች ቡድኖች ጠያቂዎችንና ታዳሚውን ሳይቀር ለመቆጣጠር እርስ በርሳቸው ስለተስማሙ፣ ይህ መራጩን ማታለል ነው ብሎ ራሱን አገለለ። ከዚያ ወዲህ ክርክሮቹን ሲያዘጋጅ የቆየው በ1987 የተቋቋመው የክርክር ኮሚሽን ሲሆን፣ ብዙዎቹን የሚያካሂደው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ነበር። በ2024 ፒተርስበርግ የሚገኘው ቨርጂኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ በታሪክ የጥቁሮች ከሆኑት ዩኒቨርሲቲዎች መካከል እንዲህ ያለውን ክርክር ለማስተናገድ የመጀመሪያው እንዲሆን ተመርጦ ነበር። ይሁንና የእጩዎቹ ቡድኖች ኮሚሽኑን ትተው በቀጥታ ከቴሌቪዥን ጣቢያዎች ጋር ተስማሙ፤ ክርክሮቹም በአትላንታና በፊላደልፊያ ተማሪ በሌለበት አዳራሽ ተካሄዱ። ይህ እጅግ ያሳዝነኛል። ተማሪው በገዛ ግቢው ሊያየው የሚገባው ክርክር ሲወሰድበት፣ የእጩዎቹን ቃል የሚያገኝበት ሌላ ቦታ ያስፈልገዋል።

ከ2006 ጀምሮ የሚሠራው «ቮት 411» በከፊልም ቢሆን ይህንን ክፍተት ይሞላል። ተጠቃሚው የመኖሪያ አድራሻውን ሲያስገባ በአካባቢው ድምፅ የሚሰጥባቸው ውድድሮች ይዘረዘሩለታል፤ ሊጉ ለሁሉም ተወዳዳሪዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ስለሚልክ የእጩዎቹን መልስ በራሳቸው ቃል ጎን ለጎን ማንበብ ይቻላል። ነጥብ የለም፤ መቶኛ የለም፤ «ላንተ የሚስማማህ እርሱ ነው» የሚል ምክር የለም። ሊጉ እጩን አይደግፍም፣ አይቃወምምም። አንዳንድ ወጣቶች ይህን እንደ ጉድለት ያዩታል፤ እኔ ግን ዋነኛ ብርታቱ ይህ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም አንብቦ የመወሰኑ ሥራ ለመራጩ ይቀርለታል።

እውነተኛው ድካሙ ሌላ ነው። መልስ የማይልክ እጩ ቦታው ባዶ ሆኖ ይታያል፤ ስለዚህ አንባቢው የአንዱን ወገን ብቻ አንብቦ ሊቀር ይችላል። ለፕሬዝዳንታዊ እጩዎች ይህ ብዙም አይጎዳም፤ አቋማቸውን ሌላ ቦታ ማግኘት ይቻላልና። በታችኛው እርከን ግን ያሳስባል፤ ሆኖም አገልግሎቱ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው በዚያው እርከን ነው። በ2024 የሰሜን ቨርጂኒያ ተማሪዎች ስለ ሃሪስና ስለ ትራምፕ ሲከራከሩ፣ በሰባተኛውና በአሥረኛው የኮንግረስ ወረዳ ነባር ተወካይ የሌለባቸው ክፍት ወንበሮች እንዳሉ፣ በድምፅ መስጫ ወረቀቱም ላይ የግዛቱን ሕገ መንግሥት የሚመለከት ጥያቄ እንዳለ ያልሰሙ ነበሩ። ብድርንም ሆነ አጎአን በሕግ የሚወስነው ኮንግረስ መሆኑን ላስታወሰ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አድራሻ ማስገባቱ ራሱ ተማሪውን ወደ ሌላ ቁም ነገር ይወስደዋል። የመምረጫ ዕድሜን ወደ 18 ያወረደው 26ኛው ማሻሻያ በ1971 ከጸደቀ በኋላም ተማሪዎች በሚማሩበት ከተማ እንዳይመዘገቡ የሚከለክሉ አካባቢዎች ነበሩ። በቴክሳስ የፕሬሪ ቪው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጉዳይ በ1979 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ተማሪ እንደ ማንኛውም ነዋሪ እንዲታይ ተወሰነ። ስለዚህ ወላጆቹ ሜሪላንድ የሚኖሩ፣ እርሱ ግን ፔንሲልቬኒያ የሚማር ወጣት፣ የነዋሪነት መስፈርቱን እስካሟላ ድረስ ከሁለት አንዱን የመምረጥ ዕድል አለው፤ በሁለቱም መምረጥ ግን ወንጀል ነው። ሜሪላንድ በፕሬዝዳንታዊ ምርጫ ከ1992 ጀምሮ ሳትለዋወጥ ለዴሞክራቶች ስትሰጥ፣ ፔንሲልቬኒያ በ2016 ከ45 ሺህ ባነሰ የድምፅ ልዩነት ተወስናለች። የዶርም አድራሻውንና የቤቱን አድራሻ በየተራ አስገብቶ ሁለቱን ዝርዝሮች ማስተያየት ጠቃሚ ነው፤ የምዝገባ መዝጊያ ቀንና በፖስታ ድምፅ የመስጫ ደንብም እዚያው ይገኛል።

ይህን የማነሳው ለማኅበረሰባችን አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ ስላለኝም ነው። በግቢ ውስጥ የመራጮች ምዝገባ ጠረጴዛ ዘርግተው የሚቆሙ በጎ ፈቃደኞች ያለፈውን ያገደመውን ሁሉ «ተመዘገብክ?» ይላሉ፤ ሆኖም ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ምርጫ የመመዝገብም ሆነ የመምረጥ መብት የለውም። በዲቪ የመጣ ተማሪ በቅንነት ፎርሙን ሞልቶ ቢገኝ፣ በኋላ ለዜግነት ሲያመለክት «ተመዝግበህ ወይም መርጠህ ታውቃለህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መዘዙም ከባድ ሊሆን ይችላል። ዜጋ ያልሆነ ተማሪ መከራከር፣ ጥያቄ መጠየቅ፣ ሁለቱንም አገልግሎቶች ማንበብ ይችላል፤ የምዝገባውን ቁልፍ ግን ሊነካ አይገባም። መንጃ ፈቃድ በሚያወጣበት ቢሮም ይኸው ጥያቄ ሊቀርብለት ስለሚችል፣ ሳያነብ እንዳይፈርም እመክራለሁ።

የቀረኝ የቋንቋ ጉዳይ ነው። «ቮት 411» ከእንግሊዝኛ ሌላ በስፓኒሽ ይቀርባል፤ በአማርኛ ግን አይገኝም። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛን ከምታስተናግዳቸው ቋንቋዎች መካከል ስላካተተች፣ የከተማዋ ነዋሪዎች የምርጫ መረጃ በአማርኛ ማግኘት ይችላሉ። በአርሊንግተን፣ በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖሩ ወላጆች ግን የእጩዎቹን መልስ የሚተረጉሙላቸው ብዙ ጊዜ ልጆቻቸው ናቸው። የሊጉ ፈቃደኞች ከኢትዮጵያውያን የተማሪ ማኅበራት ጋር ሠርተው የፕሬዝዳንታዊና የኮንግረስ እጩዎችን መልሶች ብቻ እንኳ በአማርኛ ቢያቀርቡ፣ ልጅም ወላጅም ከአንድ ጽሑፍ ተነሥተው መከራከር ይችሉ ነበር። ይህን ጥያቄ ለአካባቢው ቅርንጫፍ በጽሑፍ ለማቅረብ ተማሪዎቹ እስከ 2028 መጠበቅ አያስፈልጋቸውም፤ ቨርጂኒያ በየዓመቱ ኅዳር ላይ ምርጫ አላትና።