የመድኃኒት ቅሪትን ከፍሳሽ ለማስወገድ፦ በብርሃን የሚሠራው ሜምብሬን ወይስ ኦዞንና ካርቦን?

በብርሃን የሚሠራ ሜምብሬን (ውኃ የሚያሳልፍ፣ ቆሻሻ የሚይዝ ስስ ማጣሪያ) ሻጭ የሚያሳያችሁ ፎቶ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሰማያዊ ውኃ ይገባል፤ ጥርት ብሎ ይወጣል። ያ ሰማያዊ ሜቲሊን ብሉ የሚባል ቀለም ነው። ቀለም ደግሞ መድኃኒት አይደለም። እንዲያውም ራሱ ብርሃን ስለሚመጥ ውጤቱን ያሳምረዋል። እናንተ የምትፈልጉት ካርባማዜፒን የት እንደደረሰ ማወቅ ነው። ይህ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በተለመደው ማጣሪያ ጣቢያ ቆሻሻ የሚበሉትን ባክቴሪያዎች ሁሉ አልፎ፣ እንደገባ ይወጣል ማለት ይቻላል።

አክቲቭ ካርቦን መድኃኒቱን ላዩ ላይ ይለጥፈዋል። ለኦፕሬተር ቀላል ነው። ሲጠግብ ግን መቀየር ወይም በከፍተኛ ሙቀት ማደስ ግድ ነው። ናኖፊልትሬሽንም (ቀዳዳው እጅግ ጠባብ የሆነ ሜምብሬን) ይይዛል እንጂ አያጠፋም፤ የተያዘው መድኃኒት በሌላ ቧንቧ ተጠራቅሞ ይወጣል። እሱን የት ልትደፉት ነው? ኦዞን የሚባለው ጋዝ ግን ይሰባብራል፤ ካርባማዜፒንን በተለይ ቶሎ ይጨርሰዋል። ብሮማይድ ያለበት ውኃ ከሆነ ብሮሜት የሚባል ጎጂ ነገር ስለሚፈጠር፣ ከመግዛታችሁ በፊት ውኃውን አስመርምሩ።

ወደ ሜምብሬኑ እንምጣ። ገጹ ላይ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ተለብጧል። ብርሃን ሲያርፍበት ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል፣ ካገኘው ሁሉ ጋር ቶሎ የሚዋሐድ ነገር ይፈጠራል፤ እሱም ያገኘውን ኦርጋኒክ ነገር ይቆራርጣል። ሜምብሬኑ የአልትራፊልትሬሽን ዓይነት (ከናኖፊልትሬሽን ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያለው) ከሆነ ቀዳዳው ለመድኃኒት ሞለኪውል የተከፈተ በር ነው። መብራቱ ከጠፋ የገዛችሁት ተራ ማጣሪያ ነው።

«በፀሐይ ይሠራል» ካሏችሁ ጠጋ ብላችሁ ጠይቁ። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚጠቀመው ከ390 ናኖሜትር ገደማ በታች ያለውን ብርሃን ነው። ይህ ከፀሐይ ጉልበት 5 በመቶ ቢሆን ነው። ስለዚህ የአልትራቫዮሌት ኤልኢዲ ይገጠማል፤ የመብራት ሒሳቡም ይመጣል። በቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ፈንታ የሚለበጠው ካርቦን ናይትራይድ እስከ 460 ናኖሜትር ድረስ ስለሚሠራ በዚህ በኩል ይሻላል።

ሌላው ጣጣ ፍሳሹ ራሱ ነው። ባይካርቦኔትና የተረፈ ቆሻሻ ራዲካሉን ይሻሙታል። አተላ ሲለብሰው ደግሞ ብርሃኑም ይጋረዳል። ራዲካሉም ቢሆን መድኃኒቱንና ሜምብሬኑ የተሠራበትን ፕላስቲክ አይለይም። ፒቪዲኤፍ የሚባለው የሜምብሬን ፕላስቲክ ከብዙዎቹ ፕላስቲኮች ይበልጥ ይችለዋል፤ ሴራሚክ ከሱም ይበልጣል፣ ዋጋው ግን ጠንከር ይላል።

ለትልቅ ጣቢያ ገንዘቡ የኔ ቢሆን ኦዞን ወይም ካርቦን እገዛለሁ። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የተመረጡ ጣቢያዎቿ ከእነዚህ ቅሪቶች 80 በመቶውን እንዲያስወግዱ ስታስገድድ፣ በብዛት የተገጠሙት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ሜምብሬኑን የምሞክረው መጠኑ አነስተኛ፣ መድኃኒቱ ግን የበዛበት ፍሳሽ ላይ ነው፤ ለምሳሌ በባክቴሪያ ተጣርቶ ጥርት ያለ የመድኃኒት ፋብሪካ ፍሳሽ።

ያኔም ሙከራው በራሳችሁ ፍሳሽ ይሁን። ጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርቦንም (ስብርባሪዎቹን ጨምሮ ውኃው ውስጥ የቀረው ኦርጋኒክ ነገር መለኪያ) ይለካ፤ ካርባማዜፒን ሲሰበር አክሪዲን የሚባል መርዛማ ስብርባሪ ሊተው ይችላልና። አንድ ቀን ደግሞ መብራቱን አጥፍታችሁ ለኩ። ውጤቱ ካልተለወጠ አዲሱ ሜምብሬን መድኃኒቱን ለጥፎ ይዞታል እንጂ አልሰበረውም።