የኤሌክትሪክ መኪና ፍሬን ሲንቀጠቀጥ፦ ጅማ ላይ ከ16 ወር አገልግሎት በኋላ

መኪናው የፊት ጎማዎቹን በሞተር የሚነዳ፣ አራቱም ላይ ዲስክ ፍሬን ያለው የቤት ኤሌክትሪክ መኪና ነው። በ16 ወር 27 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዷል። ሞተሩም ባትሪውም ጤነኛ ናቸው። ወጪ ያስወጣው ፍሬኑ ብቻ ስለሆነ ግምገማው እሱን ይመለከታል።

የፊት ሸራው (ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመው) አዲስ ሲሆን 11 ሚሊ ሜትር ነበር፤ በ22 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲቀየር ገና 9.5 ነበረው። በቤንዚን መኪና ይህ ብዙም አይታይም። ዲስኩ ግን ያኔ መቀየር ግድ ሆነበት፤ ከ70 በላይ ፍጥነት ላይ ፍሬን ሲያዝ መሪው እጅ ውስጥ ይንዘፈዘፍ ነበር። ሸራ ሳያልቅ ዲስክ የሚበላሸው ፍሬኑ በቂ ሥራ ስለማያገኝ ነው። እግር ከፍጥነት መጨመሪያው ፔዳል ሲነሳ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ባትሪ ይሞላል፤ ሸራው ዲስኩን የሚነካው ለመቆም ጥቂት ሲቀር ነው። ጅማ ደግሞ ዝናቡ ከክረምት በፊት በልግ ላይ የሚጀምርባት፣ ከአስፋልት ሲወጡ ቀይ ጭቃ የሚጠብቅባት ከተማ ናት። ዲስኩ ይዝጋል፣ ዝገቱን የሚጠርግለት ግን የለም።

ጋራዥ ውስጥ ቶሎ የሚሰማው ፍርድ «ዲስኩ ተጣሟል» ነው። አብዛኛውን ጊዜ ልክ አይደለም። ፔዳልና መሪ የሚያንቀጠቅጠው የዲስኩ ውፍረት ከቦታ ቦታ መለያየት ነው፤ 0.02 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከጠጉር ያነሰ ልዩነት ይበቃል። ልዩነቱ የሚመጣው ሸራው አንድ ቦታ ላይ ከራሱ ስስ ሽፋን ለጥፎ ሲተው፣ ዝገት ዲስኩን ሳይመጣጠን ሲበላ፣ ወይም ዲስኩ ሞዞው ላይ (ዲስክና ጎማ የሚታሰሩበት የሚዞር ብረት) ቀጥ ብሎ ሳይቀመጥ ሲቀር ነው። የመጨረሻው በጣም የተለመደና በጣም የሚዘነጋ ነው። ዲስኩ ትንሽ እየዋለለ ሲዞር፣ ፍሬን ባይያዝም በእያንዳንዱ ዙር ያው ቦታ ሸራውን ይነካል። ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ያ ቦታ ይሳሳል። ሞዞውን ሳያጸዱ አዲስ ዲስክ የገጠሙ ሰዎች ችግሩ የሚመለስባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ከመፍታት በፊት ችግሩ የፍሬን መሆኑን መለየት ያስፈልጋል። ከጅማ ወደ ሰርቦ ከተማ በሚወስደው መንገድ ሰውና ከብት በሌለበት ቀጥ ያለ ቦታ ይበቃል። መጀመሪያ በ80 ያለ ፍሬን መንዳት፦ ከተንቀጠቀጠ ጉዳዩ የጎማ ባላንስ ወይም የተጎዳ ቸርኬ ነው። ቀጥሎ ፍሬን ሳይነኩ እግርን ከፍጥነት መጨመሪያው ማንሳት፦ ሞተሩ ሲይዝ ብቻ ከተንቀጠቀጠ የሞተር ጎሚኒ ወይም የጎማ መንጃ ዘንግ ይታይ። በመጨረሻ ማርሹን ኤን (N፣ ዜሮ ማርሽ) ላይ አድርጎ ከ80 እስከ 20 በዝግታ ፍሬን መያዝ። በአብዛኞቹ መኪኖች ኤን ላይ ሞተሩ ስለማይዝ ሥራው ሙሉ በሙሉ የሸራና የዲስክ ይሆናል። እዚህ መሪው ከተንቀጠቀጠ ፊቱን፣ ወንበርና ወለል ከተንቀጠቀጠ ኋላውን መጠርጠር ነው።

ከዚያ ልኬት ይመጣል። ክሪክ የሚገባው አምራቹ ባመለከተው ቦታ ብቻ ነው፤ ወለሉ ሥር ያለው ባትሪ ነው። ጎማው ሲወጣ ዲስኩ በራሱ ዳዶዎች ከነወሸራቸው ሞዞው ላይ ይጠበቅ። ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን መዋለልን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ከጠርዙ 10 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ይያዝና ዲስኩ አንድ ዙር ይዙር። መዋለሉ ከ0.05 ሚሊ ሜትር ካለፈ ብዙ ነው (መመሪያው ሌላ ቁጥር ካለው እሱ ይከበር)። እዚህ መኪና ላይ የቀኝ ፊት 0.11 ነበር። ከዚያ የዲስኩን ውፍረት በማይክሮሜትር ዙሪያውን ስምንት ቦታ መለካት፤ ልዩነቱ 0.03 ወጣ።

ዲስኩ ሲወልቅ ሞዞው ፊት ላይ የተጋገረ ዝገት ተገኘ። በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪታይ ተጸዳ፤ መዋለሉ ወደ 0.04 ወረደ። የሳሳውን ዲስክ ግን ጽዳት አይመልሰውም። ቶርኖ ማስላጥ ይቻላል፣ ዲስኩ ላይ ከተቀረጸው ዝቅተኛ ውፍረት በታች እስካልወረደ ድረስ። ይህ ዲስክ አዲስ ሲሆን 25 ሚሊ ሜትር፣ ዝቅተኛው 23 ነው። ዝገቱ ጥልቅ ስለነበር ሁለቱንም የፊት ዲስኮች ከነሸራቸው መቀየር ተመረጠ፤ አንዱን ብቻ መቀየር መኪናውን ወደ አንድ ጎን ሊያስጎትት ይችላል። የካሊፐሩ (ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ተንሸራታች ፒኖች በጭቃ ደርቀው ስለነበር ተጠርገው በሲሊኮን ግራሶ ተቀቡ። ተራ ግራሶ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል።

ኋላውን የሚነካ ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ። የእጅ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ ከሆነ በስክሪኑ ወይም በዲያግኖስቲክ መሣሪያ ወደ ጥገና ሁነታ ሳይገባ የካሊፐሩን ፒስተን በጉልበት መግፋት የእጅ ፍሬኑን ሞተር ሊሰብር ይችላል። ፍሬኑን ኮምፒውተር በሚያዝባቸው መኪኖች በር በመከፈቱ ብቻ እንኳ ፍሬኑ ላይ ግፊት ሊመጣ ስለሚችል፣ ካሊፐር ወልቆ እያለ ቁልፉ ከመኪናው ይራቅ።

ዳዶዎቹ በኮከብ ቅደም ተከተል በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) መጥበቅ አለባቸው፤ የዚህ መኪና ልክ 120 ኒውተን ሜትር ነው። ጎሚስታ ቤት በአየር ሽጉጥ አንዱን አጥብቆ ሌላውን ሲያላላው ዲስኩ እንደገና ይዋልላል። ጎማ በተቀየረ ቁጥር ይህን መጠየቅ ያስፈልጋል።

አዲሱን ሸራ ለማላመድ ኤን ላይ ከ60 ወደ 10 አሥር ጊዜ ያህል ማዘግየት፣ ሳይቆሙ፣ ከዚያም አሥር ደቂቃ ፍሬን ሳይዙ እየነዱ ማቀዝቀዝ። በጋለ ዲስክ ላይ ፔዳል ረግጦ መቆም የሸራውን ቅርጽ ዲስኩ ላይ ያትማል።

ከዚያ ወዲህ ልማዱ ቀላል ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ በዝናብ ወራት ደግሞ መኪናው ታጥቦ ከመቆሙ በፊት፣ ኤን ላይ አራት አምስት ጊዜ ጠበቅ አድርጎ ፍሬን መያዝ። ከጅማ በላይ ካለው ከጅሬን ኮረብታ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ባትሪውን 100 ከመቶ ሞልቶ ባይነሳ ይሻላል፤ ሙሉ ባትሪ የሞተሩን ጉልበት መቀበል ስለማይችል ቁልቁለቱ ሁሉ በሸራ ይወርዳል። 85 ከመቶ ይበቃል። ዲስኩ ከተቀየረ አምስት ወርና 5 ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ የተለካው የውፍረት ልዩነት ከ0.01 በታች ነው፤ መሪውም ከ90 ላይ ፍሬን ሲያዝ አይነቃነቅም።