ቋሚ መርፌ ያለው ባለ 1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፦ ጎንደር ላይ ሲገዙ

ይህ መርፌው የማይነቀል ሲሪንጅ፣ ማለትም የኢንሱሊን ሲሪንጅ፣ የሚታወቀው በስኳር ሕሙማን ዘንድ ነው። አደንዛዥ ዕፅ በመርፌ ለሚወስዱ ወገኖቻችንም ከተራው ሲሪንጅ ይሻላል። ልዩነቱ ያለው መግፊያው እስከ መጨረሻው ተገፍቶም በሚቀረው ክፍተት ላይ ነው። መርፌው በሚነቀለው ሲሪንጅ ከ80 ማይክሮ ሊትር በላይ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ሊቀር ይችላል፤ በቋሚው ግን 2 ገደማ ብቻ። በቤተ ሙከራ ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ሰፊ ክፍተት ባለው ሲሪንጅ ውስጥ እስከ 63 ቀን ቆይቷል። ክፍተቱ ጠበበ ማለት ግን መዋዋስ ይቻላል ማለት አይደለም፤ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ!

ከፒያሳም ይግዙ ከአዘዞ፣ ማሸጊያው ያልተቀደደ፣ ክዳኑ ያልላላ፣ ቀኑ ያላለፈ ይሁን። «ዩ-100» የሚለው ጽሑፍ 100 ዩኒቱ 1 ሚሊ ሊትር ነው ማለት ነው።

ጉድለት አለው። መርፌው ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይታጠፋል፤ ከተደፈነም የሚቀየር ነገር የለም፣ ሙሉው ይጣላል። ደጋግመው ቢጠቀሙበት ጫፉ ይዶለዱምና ሥጋ ይቀድዳል፤ ቁስሉም መግል ይቋጥራል። በበረኪና ማጠብ አዲስ ሲጠፋ ብቻ የሚደረግ ነው፤ አዲሱን አይተካም።

ሲጥሉ ክዳኑን መልሰው አይግጠሙ። ሴፍቲ ቦክስ (የመርፌ መጣያ ሣጥን) ከሌለ ባዶ የበረኪና ጀሪካን ይበቃል፤ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይታሸግና ለጤና ጣቢያ ይሰጣል። በፌስታል የተጣለ መርፌ ቆሻሻ የሚሰበስቡትን ልጆች ይወጋል። የተወጋ ሰው ቦታውን ሳይጨምቅ በውኃና በሳሙና ይታጠብ፤ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት ለመጀመርም ወዲያው፣ ቢዘገይ ከ72 ሰዓት በፊት፣ ጤና ተቋም ይድረስ።