«ጃኬትዎን ውሃ እንዳያስገባ እንቀባለን» ለሚሏችሁ ገንዘብ አትስጡ

የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፣ ክረምቱ ሳይጠና ይችን አንብቡልኝ። በተለይ ሞተር የምትነዱ፣ ፊልድ የምትወጡ፣ ወደ ቦሩ ሜዳ የምትመላለሱ።

ጎርቴክስ (ዝናብ የማያስገባ፣ የላብ እንፋሎት ግን የሚያስወጣ ጨርቅ) እና መሰል የዝናብ ጃኬት ተቀብሎ «አጥበን፣ ውሃ እንዳያስገባ ቀብተን እንመልሳለን» የሚል አንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት አለ። ስሙን አልጠራም፤ ሌሎችም ሥራውን እንደጀመሩት ሰምቻለሁ። የሚጠይቁት ገንዘብ ቀላል አይደለም። ትንሽ ጨመር ቢያደርጉበት ከቦንዳ ደህና ጃኬት ይገዛል።

ታናሽ ወንድሜ በሞተር ደሴና ኮምቦልቻ ይመላለሳል። ጃኬቱ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ግን ውሃ መምጠጥ ጀምሮ ነበር። ሰጣቸው። «አብሽር፣ አዲስ ይሆንልሃል» አሉት። ሊወስድ ሲሄድ ባለቤቱ ደረቱ ላይ ውሃ ረጨበት። ውሃው እንደ ዶቃ ድብልብል ብሎ ወረደ። ከፍሎ ወጣ። ከዚያ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ዝናብ ያዘው። ኮምቦልቻ ሲደርስ ትከሻውና ክርኑ በስብሶ፣ ሸሚዙ ገላው ላይ ተጣብቆ ነበር። ተመልሶ ሲጠይቅ «ዝናቡ ኃይለኛ ስለነበረ ነው» ተባለ። የዝናብ ጃኬት ታዲያ ለምን ይለበሳል? ለፀሐይ?

የረጩበትን ጠርሙስ አይቼዋለሁ። ወረቀቱ ተልጧል። ሽታው የጫማ ቅባት ነው። እንዲህ ያለ ነገር የተቀባ ቀን ውሃ ያንከባልላል፤ ደረት ላይ ደግሞ ምንም አይፈትነውም። ፈተናው ያለው የቦርሳ ማንገቻ በሚያሸው ትከሻ፣ በክርንና በእጅጌ ጫፍ ነው። እነሱ እዚያ ላይ ውሃ አይረጩም።

አሁን ዋናው ነገር። ጃኬቱ ውሃ የሚከለክልበት ሁለት ነገር አለው። አንዱ ከውስጥ ያለው ስስ ሽፋን ነው። ጎርቴክስ የተወለደው አሜሪካዊው ቦብ ጎር በ1969 እ.ኤ.አ. ቴፍሎን የሚሠራበትን ፕላስቲክ አሙቆ በኃይል ሲለጥጠው ነው። ሽፋኑ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች የውሃ ጠብታ አያሳልፉም፤ የላብ እንፋሎት ግን ያሳልፋሉ። ሁለተኛው በውጭው ጨርቅ ላይ ያለ፣ ውሃውን የሚያንከባልል ቅብ ነው። ቶሎ የሚደክመው ይኼ ነው። ሲደክም የውጭው ጨርቅ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ይቀዘቅዛል። የላቡ እንፋሎት መውጫ ያጣና ከውስጥ ውሃ ሆኖ ይቀራል። ሰውየው «አስገባብኝ» ይላል። ብዙ ጊዜ ያረጠበው ግን የራሱ ላብ ነው።

ታዲያ ያ ቅብ ሁልጊዜ አልቆ አይደለም የሚደክመው። አቧራ፣ የሰውነት ቅባት፣ ከሁሉም በላይ በደንብ ያልታጠበ የዱቄት ሳሙና ይሸፍነዋል። የሳሙና ቅሪት ውሃ ይስባል። የጨርቅ ማለስለሻ ደግሞ የባሰ ነው። ማጠቢያ ቤቶቹ ሽታው እንዲያምር ብለው የሚያደርጉት እሱን ነው! በዚያ ላይ ማንም የማያውቀውን ነገር ይረጩበታል። ቅባታማ ከሆነ እንፋሎቱን ይዘጋዋል። እንዲህ ከሆነ ከፍለን ያስበላሸነው እኛው ነን ማለት ነው።

ቤት ውስጥ የሚሠራው ይኼ ነው። ዚፑን ዝጉ፣ ኪሱን ባዶ አድርጉ፣ አንገት ስር ያለውን የማጠቢያ ምልክት አንብቡ። ለብ ባለ ውሃ፣ ከ40 ዲግሪ ሳያልፍ፣ በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና እጠቡት። ዱቄት ሳሙና፣ በረኪናና ማለስለሻ አይነኩትም። ማለቅለቁ ላይ አትሳሱ፤ አረፋው ጠፋ ብላችሁ አትተዉት፣ አንድ ዙር ጨምሩ። አትጭመቁት፣ ሰቅላችሁ አንጠባጥቡት። ከደረቀ በኋላ ሙቀት ይፈልጋል፤ ማጠቢያ ቤቶቹ የሚዘሉት ይኼን ነው። ማድረቂያ ማሽን ያለው በዝቅተኛ ሙቀት 20 ደቂቃ ያህል ያዙረው። እኛ ቤት ማሽን የለም፣ ካውያ ግን አለ። እንፋሎቱን አጥፍታችሁ፣ ዝቅተኛው ሙቀት ላይ አድርጋችሁ፣ በመሐል ንጹህ ጨርቅ ዘርግታችሁ ተኩሱት። የካውያው ምልክት በመስቀል ከተሰረዘ ግን አትሞክሩት። ሙቀቱ የደከመውን ቅብ ያነቃዋል። የወንድሜን ጃኬት እንዲህ አድርገን ያንን ቅባት ሙሉ በሙሉ ማስለቀቅ አልቻልንም፤ ትከሻው ግን ከበፊቱ ይሻላል።

ይኼ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ውሃ ከጠጣ ቅቡ በእውነት አልቋል። ያን ጊዜ ለዚሁ ሥራ የተሠራ መቀቢያ ይገዛል። ኒክዋክስና ግሬንጀርስ የሚባሉት የታወቁ ናቸው። ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ አስልኩ፤ አንዱ ጠርሙስ ከአንድ ጃኬት በላይ ያዳርሳል። ማጠቢያ ቤት ማሠራት ካለባችሁ ደግሞ የሚቀባውን ጠርሙስ ከነጽሑፉ አሳዩኝ በሉ። ካላሳዩ ጃኬታችሁን ይዛችሁ ውጡ።

አሁን የሚያናድደኝን ልናገር። እነዚህ ሰዎች የሞተ ጃኬትም ይቀበላሉ። ገልብጣችሁ ውስጡን እዩ። ነጭ ነጭ ፍቅፋቂ የሚረግፍ ከሆነ፣ የስፌቱ ፕላስተር ከተላጠ፣ ጨርቁ አረፋ ካወጣ ወይም እጅ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ሽፋኑ ራሱ አልቋል። የትኛውም ርጭት አያድነውም። እዚያው ሱቅ አንዲት እናት የልጃቸውን እንዲህ ያለ ጃኬት ሲሰጡ አይቻለሁ። ባለቤቱ ውስጡን ሳያይ «እሺ እማማ፣ ሐሙስ ይውሰዱ» አላቸው። እማማን ውጭ ጠብቄ ነገርኳቸው፤ ተመልሰው ተቀበሉት።

ከፍላችሁ ከሆነ ደረሰኙን አትጣሉ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813/2006፣ የተበላሸ አገልግሎት ያገኘ ሰው እንደገና በነጻ ይሠራልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስ እንዲል ይፈቅዳል። ወንድሜ ደረሰኝ አልተሰጠውም። ሲጠይቅ «የደረሰኝ ማሽኑ ተበላሽቷል» አሉት፤ እስካሁን አልተሠራም።

ሽፋኑ ላለቀበት ጃኬት ደግሞ ሰኞ ገበያ የሚሸጠው ፕላስቲክ የዝናብ ልብስ በላዩ ቢደረብበት ይበቃዋል። ያልባል እንጂ አያስገባም፤ ዋጋውም ከእነሱ ርጭት ያንሳል።