የእማዬን ጉልበት የታደገችልንን ልጅ አመስግኑልኝ

እዚህ ብዙ ጊዜ የምጽፈው ሲመረኝ ነው። መብራት ጠፋ፣ ውሃ ቀረ፣ የታክሲ ሰልፍ ገደለኝ። ዛሬ ግን ለማመስገን ነው የመጣሁት። ረዘም ይላልና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

እማዬ 67 ዓመቷ ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም፣ ታውቁታላችሁ። እጣው ሲወጣልን እልል ያልንበት ቤት ጉልበቶቿ ሲታመሙ እስር ቤት ሆነባት። ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱ ነበር የሚብስባት። አንድ እጇ ብረቱ ላይ፣ አንዱ እኔ ትከሻ ላይ፣ በየፎቁ እየቆምን። ስግደት ካቆመች ቆየች፤ ቅዳሴ ላይም ወንበር ፈልጋ ስትቀመጥ የበደለች ይመስል ታፍራለች። ይባስ ብሎ ለቅሶ መቅረት ጀመረች። እማዬን የምታውቁ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል።

ያልሄድንበት የለም። አንዱ ጋ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ተሰልፈን ራጅ ተነሳች። ሐኪሙ ፊልሙን አየት አደረገና "እድሜ ነው ማዘር፣ ልም አጥንቱ ተበልቷል" ብሎ ማስታገሻ ጻፈልን። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ማስታገሻው ጨጓራዋን አቃጠለው። ሌላ ቦታ ጉልበቷ ላይ መርፌ ወጓት፣ ሁለት ወር ደህና ሆነች፣ ከዛ እዛው። ሌላው ደግሞ "ትረፍ፣ እንዳትንቀሳቀስ" አለን። እኛም ሞኞች አሳረፍናት! ስታርፍ ጭኗ እየሳሳ፣ ጉልበቷ እየደረቀ ሄደ፤ በመጨረሻ ሽንት ቤት ለመነሳትም ሰው መጥራት ጀመረች።

ይሄኔ ዋሽንግተን ያለው ወንድሜ "ቤት ውስጥ ተቀምጣ የምትነዳው፣ ከቦታው የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ግዙላት" ብሎ ብር ላከ። ገዛን። ሻጩ "ማዘር እንዳይወድቁ" ብሎ ወንበሩን ወደ ታች አወረደው። እንዴት ነው የምትጠቀመው ስለው "ምን አለው፣ መርገጥ ነው!" አለኝ። እማዬ ስትቀመጥበት ጉልበቷ አገጯን ሊነካ ምንም አልቀረው። እኛ ምን እናውቃለን፣ እንዲህ ነው ብለን ተውነው። ከዛ ደግሞ ከፍለን የጂም አሰልጣኝ አስመጣን። ያ ልጅ ነገር! "ማዘር ላብ ካልወጣ ስፖርት አይባልም" እያለ የምታከብደዋን ቁልፍ ጠምዝዞ 20 ደቂቃ አስረገጣት። በማግስቱ ጉልበቷ ድፎ ዳቦ አክሎ አደረ። ስደውልለት "ይለምዳል" አለኝና ዘጋው። ከዚያ በኋላ ብስክሌቷ አራት ወር ሙሉ የነጠላ መስቀያ ሆነች።

ይህችን ልጅ ያገኘናት በእድር ነው፤ አንዲት የእድራችን ሴት ናቸው የጠቆሙን። ፊዚዮቴራፒስት ናት፤ በእንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ ማለት ነው። ከስራ ሰዓቷ ውጪ ቤት ለቤት እየሄደች ታክማለች። ስትገባ ዓይኗን ብስክሌቷ ላይ አላሳረፈችም። በርጩማ ስባ እማዬ እግር ስር ተቀመጠችና "እናቴ፣ እግርዎ ቢሻልዎ መጀመሪያ የት ይሄዳሉ?" አለቻት። ይሄን ያህል ጊዜ ስንዞር አንድ ሰው እንኳ ይሄን ጠይቋት አያውቅም። እማዬ አሰብ አደረገችና "ለቅሶ" አለች። ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። ልጅቷም እየሳቀች "እሺ፣ ለቅሶ እናደርስዎታለን" አለቻት።

ከዛ ጉልበቷን አገላብጣ አየች፣ አጠፈች፣ ዘረጋች። እሱ ብዙም አልገባኝም። ወንበሩን ግን ገብቶኛል። እማዬን አስቀምጣ ተረከዟን ፔዳሉ ላይ አስደረገቻት። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግሯ እስኪዘረጋ ድረስ ወንበሩን ከፍ አደረገችው። ቀጥሎ በእግሯ የፊተኛው ክፍል፣ በጣቶቿ ስር ባለው፣ አስረገጠቻት፤ አሁን ጉልበቷ ታች ሲደርስ እንኳ ትንሽ እጥፍ እንዳለ ይቀራል። ወንበር ዝቅ ሲል ጫናው ጉልበት ላይ ይበረታል አለችን። አያችሁ፣ ያ ሁሉ ስቃይ የወንበር ነገር ነበረበት! ዘንጉ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፈችና "ልጆች ቢነካኩት እዚህ ላይ መልሱት" አለችኝ። ፕላስተሩ አሁንም አለ፣ ጠቁሯል።

እማዬ ግን ፈራች። ያ እብጠት ትዝ አላት መሰለኝ መያዣውን ጨምድዳ ይዛ አልረግጥም አለች። ልጅቷ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። የእማዬን እግር በሁለት እጇ ያዘችና "እርስዎ ምንም አይስሩ፣ የምነዳው እኔ ነኝ" ብላ ፔዳሉን ቀስ እያደረገች ማዞር ጀመረች። እያዞረች ስለ ልጅነቷ፣ ስለ አገሯ ገበያ ትጠይቃታለች። እማዬ ደግሞ ወሬ ከጀመረች አታቆምም። መሃል ላይ አንድ እጇን ለቀቀች። ቆይታ ሌላውን። እማዬ ስለ አህያቸው እያወራች ብቻዋን ትነዳለች! "እናቴ፣ ከለቀቅኩዎት እኮ ቆየሁ" ስትላት እማዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ጀበናውን ይዤ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። አላፍርም።

ትእዛዟ ቀላል ነው፣ በትልልቅ ፊደል ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጥፋልናለች። ጠዋት 5 ደቂቃ፣ ማታ 5 ደቂቃ፣ ቁልፉ በጣም ቀላሉ ላይ ሆኖ። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ መጨመር። እየነዱ ማውራት ካልተቻለ በዝቷል ማለት ነው። እማዬ ለዚህኛው የራሷን መለኪያ አበጀች፤ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ሳታለከልክ ከደገመች ልክ ነው። ህመሙ ከ2 ሰዓት በላይ ከቆየ በሚቀጥለው መቀነስ፤ ካበጠ አቁሞ መደወል። የደረጃውንም አስተማረቻት፤ ሲወጡ በደህናው እግር መጀመር፣ ሲወርዱ ባመመው። ሁለቱም ያማታል፣ ግን ግራው ይብሳል። እማዬ ወዲያው "ጻድቁ ወደ ላይ፣ ኃጥኡ ወደ ታች በይኛ!" አለቻት። አሁን ልጅቷ ይሄን ለሌሎች ታካሚዎቿም ትነግራቸዋለች።

አልዋሽም፣ የእማዬ ጉልበት አዲስ አልሆነም። ልጅቷም የተበላው ልም አጥንት ተመልሶ እንደማይመጣ፣ ዙሪያውን ያለው ጡንቻ ሲጠነክር ግን ጉልበቱ እንደሚያርፍ በግልጽ ነግራናለች። ግን አምስተኛ ወሯ ነው፤ 20 ደቂቃ ትነዳለች፣ አራቱን ፎቅ አንዴ ብቻ አርፋ ትወጣለች። ቡና በበርጩማ መቀመጥ ተዪ ብትባል ግን እምቢ አለች። "ቡና በሶፋ? አላበድኩም!" በትራስ ከፍ አድርገንላት ታረቅን። ለቅሶም ባለፈው ወር ሄደች፣ ሦስቱንም ቀን።

እባካችሁ ቤታችሁ ጉልበቱ የሚያመው ሰው ካለ ዝም ብላችሁ ብስክሌት ገዝታችሁ አትስጡት። መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ይየው፣ ወንበሩን ይለካለት። የእሱ ጉልበት እንደ እማዬ ላይሆን ይችላል። ደግሞ ይህችን ልጅ ጥሯት! እጇ የተባረከ ነው። ሰው ታከብራለች። ሰዓት ታከብራለች። አንድ ቀን ልጆቹ ወንበሩን ነቅለውት ብንደውልላት እሁድ መጥታ አስተካከለችልን፣ ብር ብንሰጣት እምቢ ብላ ቡና ብቻ ጠጥታ ሄደች። ጥሯት፣ አትቆጩም።

ስሟን እዚህ ያልጻፍኩት ራሷ ስላልፈለገች ነው። ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ከ11 ሰዓት በኋላ ደውሉላት፤ ከዛ በፊት ታካሚ ላይ ስለሆነች አታነሳም።